ለሰፈሩ ሁሉ አንድ ኢሜይል

ጩሉሌ ነው የሚሉት። ስልክ ይጠግናል። ሱቁ ከፎቅ ደረጃ ሥር ናት፤ ሲገቡ ጎንበስ፣ ሲወጡ ጭንቅላትን ገጭ የምታደርግ ቀዳዳ። ምላሱ ከወረንጦው ይፈጥናል።

አዲስ ስልክ ሲከፈት መጀመሪያ ኢሜይል ይጠይቃል። ሰው ደግሞ ኢሜይል ከየት ያምጣ? ለእያንዳንዱ መክፈት ጣጣ ነው። ስለዚህ ጩሉሌ የራሱን አንድ ኢሜይል በሁሉም ስልክ ላይ ይጭናል፤ «ሂድ፣ ተመርቀሃል!» ብሎ ይሸኛል። ፓስዎርዱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ይቺን ነገር ይወዳታል፤ የሰፈሩ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ያለ ይመስለዋል።

የታላቅ እህቱም ስልክ ያው ነው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ መጋረጃ እየሰፋች ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን ግን መርፌው ላይ ክር የሚያስገባላት እሱ ሆኗል። የዓይን ግፊት ነው አሏት። ግራው እየጠፋ ነው፤ ቶሎ ቀዶ ጥገና ካላገኘ የሄደው ብርሃን አይመለስም። ሆስፒታሉ ግን ወረፋ አለበት፤ «ተራሽ ሲደርስ በኢሜይል እንልክልሻለን» ብሎ አሰናበታት። እሷም ጩሉሌ የጫነላትን ሰጠች።

«መጣ ወይ?» ትለዋለች ሥራ ውሎ በመጣ ቁጥር።

«እትዬ፣ ቀኑ ሲቀርብ ስልኩ ራሱ ይጮኻል። ደብዳቤው ኢሜይል ውስጥ ሲገባ ቀጠሮው ካላንደሩ ላይ ዘሎ ቁጭ ይላል። አንድ ላይ የተሠሩት ለዚህ እኮ ነው።»

«እንደ ባልና ሚስት በለኛ።»

«ኧረ እንደ ሁለት ሐሜተኛ ጎረቤት! አንዷ የሰማችውን ሌላዋ ሳታድር ታውቀዋለች።»

ሳቀች። ስትስቅ ግራ ዓይኗን በእጇ ትይዘው ነበር፣ እንዳይወድቅባት ይመስል።

አንድ ቀን ባለ ሥጋ ቤቱ ቢላዋውን እንኳ ሳያስቀምጥ ሱቁ በር ላይ ገተር አለ።

«አንተ ጩሉሌ! ሥጋ እየመዘንኩ ስልኬ ጮኸ። ምን ይላል መሰለህ? ‹ሹሩባ መሠራት፣ ረጅሙን!› ደንበኛ ፊት!»

«ያምርብዎታል ጋሼ።»

«ዝም በል! ትናንት ደግሞ ‹ባሌን ለመፍታት ጠበቃ ጋ› ብሎ ጮኸ። ሚስቴ አይታው፣ ‹አንተ የማንን ባል ነው የምትፈታው?› ብላ ምሳ ነፈገችኝ!»

ጩሉሌ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ነገሩ ገባው፤ ሁሉም ባንድ ኢሜይል ስለሆነ የሁሉም ቀጠሮ በሁሉም ስልክ ላይ ይፈሳል።

«ቀጠሮን ከኢሜይል ምን አገናኘው? ለያይልኝ!»

«አይለያዩም ጋሼ፣ መንታ ናቸው።»

«እንግዲያው እኔ በዚህ እለያያቸዋለሁ» አለና ቢላዋውን አሳየው።

ደንበኛን ሁሉ ጠርቶ የየራሱን ኢሜይል ቢከፍትለት ያልቅ ነበር። ያ ግን ስንት ቀን ይፈጃል! ደግሞም ቁልፉ ከኪሱ ይወጣል። ስለዚህ ካላንደሩን ከፈተና ያለውን ሁሉ ማጥፋት ጀመረ። ማን ያንብብ? አንዳንዱ ላይ ስልኩ ይጠይቀዋል፦ እንደማይመጡ ለቀጠረዎ ይነገር? ጩሉሌ ለሥራው አንድ ደንብ አለው፤ ማሽን ሲጠይቅህ እሺ በለው፣ ያልፋል። እሺ። እሺ። እሺ። ካላንደሩ እንደ ታጠበ ሰሃን ጠራ። ባለ ሥጋ ቤቱም መርቆት ሄደ።

የእህቱ ስልክ ግን ስለ ዓይኗ አንድም ቀን አልጮኸም። ወራት ሄዱ። ግራ ዓይኗ መስኮቱን ከግድግዳው መለየት አቃተው። አንድ ጠዋት ክንዱን ይዛ «ውሰደኝ፣ ረስተውኝ ይሆናል» አለችው።

ቀጠሮ ክፍል ያለችው ጸሐፊ ኮምፒዩተሯን አየች፣ ደግማ አየች።

«እናቴ፣ እኛ አልረሳንም። የቀዶ ጥገናውን ቀን ልከን ነበር። አልመጣም ብለው የመለሱት እርስዎ ነዎት። ተራው ለሌላ ሰው ተሰጠ።»

«እኔ? እኔ መቼ ነው አልመጣም ያልኩት?»

«ይኸው፣ በሰጡን ኢሜይል። ቀጠሮውን ካላንደሩ ላይ ሲያጠፉት መልሱ በኢሜይል ለኛ ይደርሳል። የተያያዙ ናቸው።»

ጩሉሌ ያኔ ሳያነብ «እሺ» ያለው ሁሉ ትዝ አለው። እህቱ ወደሱ ዞረች። ያሳደገችው ልጅ ነው፤ ፊቱን ለማንበብ ብዙ ብርሃን አያስፈልጋትም።

«አንተ ነህ?»

ያ ለዓሣ ዣንጥላ የሚሸጥ ምላሰኛ አንገቱን ደፋ።

ሐኪሙ በዚያው ቀን አያት። ግራው አልቆለታል አለ። ግፊቱ ቀኙንም ጀምሮታል፣ ለእሱ ወረፋ ትያዝ አለ። ተመልሰው ጸሐፊዋ ጋ ቆሙ።

«በየትኛው ኢሜይል እንላክ?»

«በራሴ» አለች እህቱ።

የራሷ የላትም። ጩሉሌ እዚያው በጸሐፊዋ መስኮት ፊት ይከፍትላት ጀመር። ፓስዎርድ የሚለው ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ሊጽፍ ጣቱን ሰደደ።

«አምጣው።»

«እትዬ፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ አታይም...»

«አምጣው አልኩህ። ዙር።»

ስልኩን አፍንጫዋ ጋ አስጠጋች። አንዱን ፊደል ፈልጋ ትነካለች፣ ትስታለች፣ ታጠፋለች፣ እንደገና ትፈልጋለች። ከኋላ ሰልፉ አጉረመረመ። «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ እዚሁ ልታስመሹን ነው?» አለ አንዱ።

ጩሉሌ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ የተላጠውን ቀለም እያየ፣ የጣቷን ድምፅ ያዳምጥ ነበር። ነካ። ረጅም ዝምታ። ነካ።