እውቅና ያገኘው አልጋ

የኮሌጁ ዲን ባልታሳር ቤቴ ድረስ የመጡ ቀን የደረቀ ዓሣ ሊገዙ መስሎኝ ሚዛኑን አነሳሁ። እሳቸው ግን ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ እኔን አልፈው፣ ባሌን ኒካኖርን አልፈው፣ ቀጥ ብለው መኝታ ክፍላችን ገቡና አልጋችንን ቆመው ያዩት ጀመር። ሰው ሲማር ይሉኝታው አብሮ ይመረቃል መሰለኝ።

«አሊንግ ቾሎንግ፣» አሉኝ ዞር ብለው፤ አሊንግ እኛ ዘንድ እንደ እትዬ ነው፤ «ይሄ አልጋ ኮሌጃችንን ያድነዋል።»

«ኮሌጁ ታመመ እንዴ?»

«ቀልዱን ተይው እባክሽ። ገምጋሚዎች ከማኒላ ሊመጡ ነው።»

ያኔ ገባኝ። ልጄ ዌንግ የከተማችን ማኅበረሰብ ኮሌጅ የሆቴልና መስተንግዶ ተማሪ ናት፤ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። የትምህርት ክፍሉ ሁለት ጊዜ ተገምግሞ ሁለቴም ወድቋል። ዘንድሮ ከወደቀ ይዘጋል። ያ ማለት ልጄ ይሄን ሁሉ ጊዜ ትሪ ተሸክማ ወዲያ ወዲህ ስትል ከርማ፣ ያለ ምንም ወረቀት እኔ ዘንድ ዓሣ ልታሰጣ ትመለሳለች ማለት ነው። ዓሣ ማስጣት ነውር ሆኖ አይደለም። ግን እሷ ሽታውን ትጠላዋለች፤ እኔም እሷ ስታሰጣ ማየት እጠላለሁ፤ ግማሹን ለድመት ታስበላብኛለች።

የሆቴል ትምህርት ክፍል የሚባለው እውቅና እንዲያገኝ ተማሪዎቹ የሚለማመዱበት አንድ የሆቴል መኝታ ክፍል ሊኖረው ይገባል። ኮሌጁ ክፍሉ አለው። መጋረጃ አለው፣ የራስጌ መብራት አለው፣ በሩ ላይ «አትረብሹ» የሚል ካርቶን ተንጠልጥሏል። የጎደለው አልጋ ብቻ ነው። ባለፈው ግምገማ ሁለት ዴስክ አገጣጥመው ፍራሽ አልብሰውት ነበር። ገምጋሚው ቁጭ ሲሉበት ዴስኮቹ ተለያዩና ሰውየው መሀል ገቡ። እውቅናውም አብሯቸው ገባ።

የኔ አልጋ እንደዚያ አይደለም። ኒካኖር ሊያገባኝ ሲል ከናራ እንጨት የሠራው ነው። አንድ ሚስማር የለበትም፤ ሁሉም በጥርስ በጥርሱ የተጋጠመ ነው። በራስጌው ሁለት አውራ ዶሮዎች ተፋጠው ቆመዋል። እሱን ሲቀርጽ አራት ዓመት አስጠበቀኝ። ባሌ በዕድሜው ጀምሮ የጨረሰው ሥራ እሱ ብቻ ነው፤ የማድቤቱ ጣሪያ እስከ ዛሬ በግማሹ ሰማይ ነው።

«ውሰዱት!» አለ ኒካኖር ደረቱን ነፍቶ። «ማኒላዎች ሥራዬን ይዩት!»

«አንተ ዝም በል። እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን አይቼልህ አልበቃህም?»

«አንቺማ ተኝተሽበታል እንጂ መቼ አየሽው!»

ዲኑ በመሀላችን ገቡ። «ለሦስት ቀን ብቻ። በእናቴ ስም።»

«እናትዎ አልጋዬን አይጠብቁልኝም። አልጋዬ ከሄደ እኔም አብሬው እሄዳለሁ።»

«እንዴት ሆኖ?»

«እንደ ጽዳት ሠራተኛ ያስመስሉኛ! ኮሌጁ ማስመሰል ይቸግረዋል እንዴ?»

ዲኑ ቀላ አሉ፤ ግን እሺ አሉ።

በማግስቱ ወጣቶች መጥተው አልጋውን ፈታተው ተሸከሙት። ኮሌጁ ስንደርስ አንድ ጭነት መኪና ግቢው ውስጥ ዕቃ ያራግፋል። የቡና ማሽን፣ የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ፣ ባለ መስታወት የመጻሕፍት መደርደሪያ ከነመጽሐፉ፣ ማይክሮስኮፕ፣ እና አንዲት ትልቅ የላስቲክ ሴት፤ የአዋላጅነት ተማሪዎች የሚያዋልዷት፣ አፍንጫዋ የተሸረፈ።

«ከየት ነው ይሄ ሁሉ?» አልኩት ሾፌሩን።

«ከጎረቤት ከተማ ኮሌጅ። ባለፈው ሳምንት እነሱን ገምግመዋቸው አለፉ። ዕቃው ዕድለኛ ነው፣ አሊንግ!»

በግምገማው ቀን ግቢው የሠርግ ቤት መሰለ። የወንጀል ምርመራ ተማሪዎች ነጭ ጓንት አድርገው በሩ ላይ ተሰልፈዋል፤ እነዚህ ባለፈው ዓመት የኮሌጁ ደወል ሲሰረቅ በሩ ላይ የነበሩት ናቸው። ሙሉ አሳማ ተጠብሷል። የመምህርነት ተማሪዎች በሚጋጩ የቀርከሃ ዘንጎች መሀል እየዘለሉ ጨፈሩ። እኔ ሰማያዊ ሽርጥ ለብሼ፣ መጥረጊያ ይዤ፣ አዳራሹ ጥግ ቆሜያለሁ።

ገምጋሚዎቹ ሦስት ናቸው። አለቃቸው ዶክተር አርሴንያ ይባላሉ፤ አጭር፣ ፀጉራቸው የነጣ፣ ወገባቸውን በእጃቸው ደግፈው የሚሄዱ ሴትዮ። የአበባ ጉንጉኑን አንገታቸው ላይ ሲያጠልቁላቸው እንኳን አልሳቁም።

ከዚያ ዲኑ የኮሌጁን ታሪክ አነበቡ። «ይህ ኮሌጅ የተመሠረተው በክብርት ከንቲባችን በወይዘሮ ዴልፊና ኪያምባዎ አርቆ አሳቢነት ነው!» ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀው። ከኋላቸው ከንቲባዋ ከበሩ በሚበልጥ ባነር ላይ ይስቃሉ።

እኔ የማውቀው ይሄ አዳራሽ የዶሮ ማዋጊያ እንደነበር ነው። የከንቲባዋ አማት፣ ያኔ ከንቲባ የነበሩት፣ ዶሮዎቻቸው ተራ በተራ ሲያልቁ ተናደው ማዋጊያውን ዘጉና ኮሌጅ አደረጉት። እሳቸው እስኪሞቱ ታሪኩ በእሳቸው ስም ይነበብ ነበር። ልጃቸው ሲመረጥ መሥራቹ ልጃቸው ሆነ። እሱ ሞቶ ሚስቱ ስትመረጥ መሥራቿ እሷ ሆነች። ኮሌጁ ሲከፈት እሷ ገና ማስቲካ የምታኝክ ልጅ ነበረች፤ እኔ ነኝ የምሸጥላት የነበረው። አርቆ ማሰብ ማለት ይሄ ነው።

ጉብኝቱ ተጀመረ። ዶክተር አርሴንያ የቡናው ማሽን ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ጎኑን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። መደርደሪያው ጋ አንድ መጽሐፍ አወጡ፣ ውስጡን አዩ፣ መለሱት። አዋላጅነት ክፍል ሲገቡ ግን የላስቲኳን ሴትዮ አዩና ወደ ባልደረባቸው ዞሩ።

«ይቺ ምስኪን እዚህም ልትወልድ መጣች?»

«ምን አሉኝ፣ ዶክተር?» አሉ ዲኑ።

«ምንም። ከወለደች ገና አራስ ናት ብዬ ነው።»

የዲኑ ሸሚዝ ከጀርባው ሲረጥብ አየሁት። ዌንግ አጠገቤ ትሪ ይዛ ቆማለች። ጆሮዋ ሥር «ዛሬ ተበላን» አልኳት።

«እማዬ፣ እባክሽ አንቺ ዝም በይ! ዛሬ ብቻ አፍሽን ያዥልኝ!»

«መቼ ተናገርኩ?»

«ፊትሽ ይናገራል!»

የሆቴሉ ክፍል ገባን። አልጋዬ መሀል ላይ ነጭ ለብሶ ተቀምጧል፤ ሁለቱ ዶሮዎች ተፋጠዋል። ዶክተር አርሴንያ ዞረው አዩት። እጃቸውን በእንጨቱ ላይ አሳለፉ። ጎንበስ ብለው መጋጠሚያውን መረመሩ። ከዚያ ቁጭ አሉ፤ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ወገባቸውን ይዘው ቀስ ብለው በጀርባቸው ጋደም አሉ። እግራቸውንም ሰቀሉ።

«ጫማሽን!» ብዬ ጮህኩ።

የዲኑ አፍ ተከፍቶ ቀረ። የዌንግ ትሪ ላይ ሲኒዎቹ ተንቀጫቀጩ። ሴትዮዋ ተነስተው ጫማቸውን አወለቁና እንደገና ተኙ።

«ይቅርታ፣» አሉ ጣሪያውን እያዩ። «ዲን፣ ይሄ አልጋ የማን ነው?»

«የኮሌጁ ንብረት ነው፣ ዶክተር! በክብርት ከንቲባችን—»

«ከንቲባዋ ይረፉ። እስቲ ሁላችሁም ውጡ። የጮኸችብኝ ትቅር። ትሪ የያዘችውም ትቅር፣ ቡናውን እፈልገዋለሁ።»

ወጡ። ዲኑ ሲወጡ ያዩኝ አስተያየት ለጠላትም አይመኙትም። ዶክተር አርሴንያ ተነስተው ቁጭ አሉና ከዌንግ ሲኒውን ተቀበሉ።

«ስምሽ ማነው?»

«ቾሎንግ።»

«አሊንግ ቾሎንግ፣ ስሚኝ። የዚህን ግቢ ዕቃ በሙሉ ባለፈው ሳምንት ጎረቤት ከተማ አይቼዋለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ ከወንዙ ማዶ። ማሽኑ ሲያየኝ ሰላም ሊለኝ ምንም አልቀረው። እነዚያን ለምን እንዳሳለፍኳቸው አትጠይቂኝ፤ ዕቃው ዟሪ መሆኑ የገባኝ ዛሬ ነው። ይሄን አልጋ ግን የትም አላየሁትም።»

«አያዩትማ።»

«የኮሌጁ ነው ካልሽኝ፣ ክፍሉ አንድ እውነተኛ የራሱ ነገር አለው ብዬ ለአንድ ዓመት እውቅና እጽፋለሁ። የዘንድሮ ተመራቂዎች ሙሉ ወረቀት ያገኛሉ። ግን በሚመጣው ዓመት ስመለስ እዚሁ ቆሞ ላገኘው ይገባል። ከዚያም በኋላ እንደዚሁ። የአንቺ ነው ካልሽኝ ደግሞ ዛሬውኑ ይዘሽው ሂጂ፤ እኔም የምጽፈው ነገር የለኝም።»

«ሌላ መንገድ የለም?»

«ሌላውማ ዴስክ ነው። ሰውየው እስከ ዛሬ ወገቡን ያመዋል።»

ወደ ዌንግ ዞርኩ። ልጄ አፏ ኃይለኛ ነው፤ ከእኔ የወሰደችው ነው። አሁን ግን አንድ ቃል አልወጣትም። ትሪውን ደረቷ ላይ አጣብቃ መሬት መሬት ታያለች። ተናገሪ ብላኝ፣ ለምናኝ፣ አልቅሳብኝ ቢሆን ኖሮ እልክ ይዞኝ አልጋዬን ተሸክሜ ወጥቼ ነበር። ራሴን አውቀዋለሁ።

«የኮሌጁ ነው፣» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አንዴ ተናገርኩ እኮ! ደግሞ ቡናውን ከአልጋው ያርቁት።»

በሳምንቱ እውቅናው መጣ። ከተማው ላይ አዲስ ባነር ተሰቀለ፦ «እንኳን ደስ ያላችሁ!» የሚል፣ የከንቲባዋ ፊት ያለበት። ከሥር፣ ጥጉ ላይ፣ እንደ ቴምብር ያነሰ አልጋዬ አለ። የኮሌጁም ታሪክ በፍጥነት አንድ አንቀጽ ጨመረ፤ አልጋው በክብርት ከንቲባዋ ሐሳብ አመንጪነት ተቀረጸ ተባለ። እኔና ኒካኖር ሰሌን ላይ መተኛት ጀመርን። እሱ ግን ቅር አላለውም፤ መጠጥ ቤት ለመጠጥ ቤት እየዞረ «እውቅና አለኝ!» ይላል። በመጨረሻ ሥራውን ሊያሳያቸው ጓደኞቹን አስከትሎ ሄደ።

ሲመለስ ሰሌኑ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ።

«ምን ሆንክ?»

«የንብረት ቁጥር መቱበት፣» አለ።

«ይምቱበታ። ንብረት አይደል?»

«በሚስማር፣ ቾሎንግ። በትልቅ ሚስማር። የቀኙ ዶሮ አንገት ላይ።»

እኔ ሰሌኑን ችዬ ነበር። ይሄን ግን አልቻልኩም። በነጋታው ከምሳ በኋላ ዓሣዬን ሸፍኜ፣ እግሬን ታጥቤ፣ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሴን ለብሼ ኮሌጁ ሄድኩ። የወንጀል ምርመራ ተማሪዎቹ ሊያስቆሙኝ ሲሞክሩ «ደወሉን አገኛችሁት?» ስላቸው አሳለፉኝ። የሆቴሉ ክፍል በር ላይ ዲኑ ደረሱብኝ።

«አሊንግ፣ ወዴት ነው? አልጋው እኮ አሁን የመንግሥት ንብረት ነው!»

«አልወስደውም። ልተኛበት ነው የመጣሁት።»

«ምን?»

«ሆቴል አይደል? እንግዳ የሌለው ምን ዓይነት ሆቴል ነው? ልጆቹ ባዶ አልጋ ነው እንዴ የሚያስተናግዱት? በየሳምንቱ በዚህ ቀን መጥቼ አስተናግዱኝ እላለሁ። አይሆንም ካሉ ደግሞ ዶክተር አርሴንያ ሲመለሱ እጮህባቸዋለሁ። እኔ ስጮህ አይተውኛል።»

ዲኑ ግራ ቀኝ አዩ። የዌንግ አስተማሪ ሚስ ቤኒልዳ ከውስጥ ብቅ አለች፤ ይቺ ሚስማሩ ሲመታ አይታ አዝናለች የተባለች ልጅ ናት። «ሰር፣ የእውነት እንግዳ ያስፈልገናል፣» አለች። «እስካሁን በትራስ ነው የምንለማመደው።»

«በመጀመሪያ ግን፣» አልኳቸው ዲኑን፣ «ያንን ሚስማር ባሌ መጥቶ ይነቅለዋል። ቁጥራችሁን በክር እሰሩት።»

ዲኑ ለመቃወም አፋቸውን ከፈቱ፤ ፊቴን አዩና መልሰው ዘጉት።

ተረኛዋ ዌንግ ነበረች። ነጭ ሸሚዟን ለብሳ፣ ፀጉሯን ጠቅልላ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ በሩን ከፈተችልኝ። ጓደኞቿ ግድግዳውን ተደግፈው ሳቃቸውን ይውጣሉ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ማም። ስምዎን እባክዎ?»

«ስሜን ረሳሽው?»

«እማዬ!» አለች በጥርሷ መሀል። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠራረገች። «ክፍልዎ ዝግጁ ነው፣ ማም። ይግቡ።»

ገባሁ። አንሶላውን ገለጥኩ፤ በግርጌ በኩል ተጨማዷል። እንደገና አስነጠፍኳት። ትራሱ ጠማማ ነው አልኩ። ውኃ አዘዝኩ፤ ሞቀብኝ አልኩ። ስጨርስ ሚስ ቤኒልዳ «እንግዳችን፣ ከአምስት ስንት ይሰጧታል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሁለት።»

ዌንግ እስከ እሑድ አላናገረችኝም።

በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ተረኛ ሆነች። ሚስማሩ ተነቅሏል፤ ኒካኖር ቀዳዳውን በእንጨት ደፍኖ በእጁ አሻሽቶታል፤ ያልተነገረው ሰው አያገኘውም። አንሶላውን ገለጥኩ። በግርጌ ዞርኩ። ትራሱን አነሳሁ፣ ከሥር ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ ውኃውን ቀመስኩ። ዌንግ እጇን ኋላዋ አድርጋ፣ አገጯን ቀና አድርጋ ቆማ ታየኛለች። ብዙ ፈለግኩ። የምነቅፍበት ነገር አጣሁ።

ጫማዬን አወለቅኩና ተኛሁ።