የማህደሩ ጥግ

የመንግሥት ሠራተኞች የግል ማህደር ክፍል ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት ተቀምጫለሁ። መምህሩ፣ ነርሱ፣ ጥበቃው፣ የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ሁሉ እኔ ዘንድ ካርቶን ውስጥ ገብቶ መደርደሪያ ላይ ተኝቷል። ማን መቼ እንደተቀጠረ፣ ማን ስንት ማስጠንቀቂያ እንደተጻፈበት፣ ማን የልደት ዘመኑን ሁለት ጊዜ እንዳስቀየረ ከእኔ የሚሰወር የለም። ሃይማኖት ግን ቅጹ ላይ የለም። ሕጉ አይጠየቅም ስለሚል አይጠየቅም። ስምም አያሳብቅም፤ በከተማችን እኛም እነሱም ለልጆቻችን የምናወጣው ስም አንድ ዓይነት ነው።

ችግር የሆነብኝ የበዓል ተረኛ ነበር። በዓል ቢሆንም ጤና ጣቢያ አይዘጋም፤ ውሃም አይቆምም። ዝርዝሩን የማወጣው እኔ ነኝና ሳላውቅ ባለበዓሉን ሥራ አስገብቼ በዓሉ ያልሆነውን ቤቱ አስቀምጥ ነበር። ስንቱ ረገመኝ። አንድ ቀን መላ መጣልኝ። ወሬ እያጠያየቅኩ፣ በማህደሩ ሽፋን የቀኝ ጥግ ላይ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ጀመርኩ፤ ለእኛ ነጥብ፣ ለእነሱ ጭረት። ከዚያ ወዲህ በገዛ በዓሉ ቀን ሥራ የገባ የለም። ሰው መረቀኝ፤ እኔም ኮራሁ። ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

አብሮኝ የሚሠራውን ሰውዬ፣ ያገኘውን ሁሉ ስለሚያርም «ሊቁ» እንለዋለን። እሱ ባለ ጭረት ነው። ያን ጊዜ በመነጽሩ አናት አየኝና፣

«ሕጉ አትጠይቁ ያለው እኮ እንዳይጻፍ ብሎ ነው» አለኝ።

«በእርሳስ ነው የጻፍኩት።»

«እርሳስም ይጽፋል።»

«አንተ ደግሞ ሟርት ትወዳለህ። በበዓልህ ቤትህ ዋልክ አይደል?»

«ዋልኩ» አለ። ሳቅ ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አምና አዲስ ኃላፊ መጣልን። ከአፉ ማር ጠብ የሚል፣ ጽዳት ሠራተኛዋን ሳይቀር አንቱ የሚል ሰው ነው። በመጣ በሁለተኛው ሳምንት የሥራ ቀን በጸሎት እንዲጀመር አደረገ፤ በመሰብሰቢያ አዳራሹ፣ በእኛ እምነት። «በፈቃደኝነት ነው» ተባለ። በር ላይ ግን ወረቀት ተቀምጦ እየፈረምን ነበር የምንገባው። አዳራሹ ግድግዳ ላይ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን የሚናገር፣ መስታወት የተገጠመለት ጽሑፍ ተሰቅሏል። ማንም አላወረደውም። ከሥሩ ቆመን አሜን እንላለን።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ጸሎት ምን ይጎዳል? ሊቁ ግን የክፍላችን ቁልፍ እኔ ጋ ስለሆነ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ እስክንወጣ ይጠብቃል። ስመለስ ዓይኑን ማየት ያቅተኝ ጀመር። እሱም ቁልፉን ተቀብሎኝ በሩን ራሱ ይከፍታል።

ኃላፊው የቢሮውን ሰው በፊርማው ለየ። በየጤና ጣቢያውና በየትምህርት ቤቱ ያለውን ግን በምን ይለየው? አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ።

«እናቴ፣ ማህደሮቹ ላይ የእርስዎ ምልክት አለ ሲሉ ሰማሁ። የትጉህ ሰው ሥራ ነው። ከሰዓት በኋላ የጤና ጣቢያውን ማህደሮች ይዘውልኝ ይምጡ። ድልድል አለብን፤ ወደ ሩቅ ወረዳ የሚሄዱትን እንለያለን።»

«እሺ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ምራቴ ጤና ጣቢያው ውስጥ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ባለ ጭረት ናት። ጭረቱን ያሰመርኩት እኔው ነኝ፣ ምራቴ ከመሆኗ በፊት። ልጄ ሲያገባት ሠርጉ ላይ አልቆምኩም፤ ከስንት ሴት መሀል ብዬ አኮረፍኩ። ጉልበቴን ታምሜ ስተኛ ግን ገላዬን ያጠበችኝ፣ ደግፋ ያስኬደችኝ እሷ ናት። አሁን የአምስት ወር ሴት ልጅ አላት። ሩቅ ወረዳ ማለት የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ወይ ሕፃኗን ከአባቷ ነጥላ ይዛ መሄድ፣ ወይ ጡት ሳትጠግብ ጥላት መሄድ፣ ወይ ሥራውን መተው።

ሰው ለምሳ ሲወጣ በሩን ቆልፌ ላጲስ አነሳሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። መጀመሪያ የእሷን ብቻ ላጠፋ ነበር፤ ከዚያ አፈርኩ። የሰውስ ልጅ? ጭረት ያለበትን እየመዘዝኩ ሁሉንም አጠፋሁ፤ ሠላሳ አንድ ማህደር። ነጥቦቹን ተውኳቸው። ምልክት ያላደረግኩባቸው አዲስ ቅጥሮችም ስላሉ ከእነሱ ጋር ይቀላቀላሉ ብዬ ተማመንኩ። የላጲሱን ፍርፋሪ ጠርጌ፣ እጄን ታጥቤ፣ ምሳዬን ሳልበላ ማህደሮቹን ተሸክሜ ሄድኩ።

ኃላፊው አንዱን አነሳና ወደ መስኮቱ አዘነበለው። የማህደር ሽፋን በእጅ እድፍ ይጠቁራል፤ ጥጉ ደግሞ ስንገልጥ የምንይዘው እሱን ስለሆነ ከሁሉም ይብሳል። ላጲሱ ጭረቱን ብቻ አይደለም ያነሳው። ያጠፋሁበት ቦታ ሁሉ አውራ ጣት በምታክል ንጣት ያበራል። ከመደርደሪያው ጥግ፣ ከደብዛዛው መብራት ሥር አላየሁትም ነበር።

«እናቴ፣ ይኼ ጥግ ለምን ነጣ?»

የተሸከምኳቸውን ማህደሮች ጠረጴዛው ላይ አወረድኩ።

«ግድ የለም» አለ በዚያው ለስላሳ ድምፁ። «ነጭ ያለባቸውን ወዲህ ይደርድሩልኝ።»

ደረደርኩለት። እምቢ ማለት ይቻል ነበር፤ አላልኩም። አንድ በአንድ አነሳሁ፣ አንድ በአንድ አስቀመጥኩ፤ የእሷ አሥራ ሰባተኛ ነበር።

ስመለስ ለሊቁ ነገርኩት። መነጽሩን አወለቀና፣ «ነጥቦቹንም፣ አዲሶቹንም በላጲስ ብታሺያቸው ሁሉም ይነጣ ነበር» አለኝ። ሰውን ሲያርም ፊቱ ይፈካል፤ የዚያን ቀን አልፈካም።

ደብዳቤዎቹ በሳምንቱ ወጡ። የኛ ክፍል ነው አስፈርሞ የሚያድለው። የምራቴን ለሌላ ሰው መስጠት አላስቻለኝምና በቦርሳዬ ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። ከሥራ ገብታ ልብስ እስክትቀይር ሕፃኗን አቀፍኳት፤ ወዲያው ተኛችልኝ። ምራቴ ደብዳቤውን ቆማ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው።

«ዛሬ ጤና ጣቢያው ውስጥ ሲወራ ነው የዋለው» አለች። «እማዬ፣ ሠላሳ አንዳችንም የአንድ እምነት ሰዎች ነን። ቅጹ ላይ ማንም ጠይቆን አያውቅም። ከየት አወቁ?»

ልዋሽ ነበር። ውሸቱም አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ከእኔ ነው» አልኳት። የእርሳሱን ነገር፣ የበዓሉን፣ የላጲሱን፣ የድርደራውን፣ ሁሉንም ነገርኳት።

«የኔን መቼ ጻፉት?»

«በተቀጠርሽ በሁለተኛው ወር። በበዓልሽ ቤትሽ እንድትውዪ ብዬ ነው።»

ደብዳቤውን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የመረከቢያውን መዝገብ ከቦርሳዬ ራሷ አውጥታ ፈረመች። ከዚያ መጥታ ፊቴ ቆመችና ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ልጄን ይስጡኝ» አለች። እማዬ አላለችም።

እንዳትነቃ ቀስ ብዬ ሰጠኋት።