ከአንቺ ወደ እርስዎ

ሦስተኛ ዲግሪ የሚማር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚለምደው ነገር መደበቅ ነው። እሷም ለምዳዋለች። የትምህርት ክፍሉ ሕንፃ ሁለት ደረጃ አለው፤ አንዱ በአማካሪዋ ቢሮ ፊት ለፊት ያልፋል፣ ሌላው በጀርባ በኩል የጽዳት ዕቃ የሚቀመጥበትን ክፍል ታክኮ ይወጣል። ከመጥረጊያና ከባልዲ ጋር የተወዳጀችው በዚሁ ሰበብ ነው። አማካሪዋ ደግሞ እሳቸው ከመድረሳቸው በፊት ሳላቸው ይደርሳል። ያንን ሳል የሰማች እንደሆነ ሴቶች መጸዳጃ ቤት ጥልቅ ትልና ኮቴያቸው እስኪርቅ ድረስ ንጹሕ እጇን ደጋግማ ትታጠባለች።

የምታጠናው ነቀዝን ነው። በላብራቶሪው ጥግ ባለችው ሞቃት ክፍል ውስጥ በቆሎ የተሞሉ ጠርሙሶች አፋቸው በሻሽ ታስሮ ተደርድረዋል። እሷም በየጊዜው እየገለበጠች በወንፊት ትነፋለች፣ የሞተውን ነቀዝ በሕይወት ካለው ትለያለች፣ ትቆጥራለች፣ ትመዘግባለች። አብራት የምትኖረው ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቷ «ዶክተር ነቀዝ» ነው የምትላት። «ነቀዞቹ እንኳ በቆሎውን በልተው ጨረሱ፤ አንቺ መቼ ነው የምትጨርሺው?» ትላለች። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ይስቁ ነበር። በኋላ ግን እህትየው ብቻዋን ትስቅ ጀመር፣ ቆይታም ተወችው።

መደበቁን ያመጣው አንድ ቃል ነው። አማካሪዋ ጽሑፍ ሲያርሙ ኅዳግ አይበቃቸውም። «ማስረጃው የታል?»፣ «ይህ ዓረፍተ ነገር ትንፋሽ ያሳጥራል»፣ «ነቀዙ ነው ወይስ አንቺ ነሽ ይህን ያሰብሽው?» እያሉ ወረቀቱን በቀይ እርሳስ ያቀሉታል። አራተኛው ምዕራፍ ሲመለስላት ግን ከዳር እስከ ዳር ንጹሕ ነበር። የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ ብቻ «እንነጋገር» የሚል ተጽፏል።

በቀና ልብ ለሚያየው ሰው እንነጋገር ማለት እንነጋገር ማለት ነው። የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ግን ቀና ልቡን በምዝገባው ዕለት ነው አስረክቦ የሚገባው። እሷም ያቺን ቃል ስታገላብጣት ዋለች። ወረቀቱን ቤት ይዛ ሄዳ ለእህቷ አሳየቻት።

«እንነጋገር ነው እኮ የሚለው» አለች እህቷ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

«አንቺ አታውቂያቸውም። ትንሽ የሚረባ ነገር ቢኖረው ያርሙት ነበር። የማይታረም ሲሆንባቸው ነው ዝም ያሉት።»

«እንግዲያው ሄደሽ ጠይቂያቸው። አሁን እራትሽን ብዪ፣ ተኚ፣ ጠዋት በራቸውን አንኳኪ። ይኼ ምን ዶክተርነት ይጠይቃል?»

«ባዶ እጄን? መጀመሪያ ላስተካክለው።»

ጉድ የሠራቻት ይቺ «መጀመሪያ ላስተካክለው» ናት። ምዕራፉን አፍርሳ ሠራችው፤ ደስ አላላትም፤ እንደገና አፈረሰችው። ሳምንቱ ወር፣ ወሩ መንፈቅ ሆነ። በቆየች ቁጥር እፍረቱ ይብስባታል። እፍረቱ በባሰ ቁጥር ደግሞ ይዛ የምትቀርበው ሥራ የዚያኑ ያህል የተዋበ መሆን አለበት። አማካሪዋ አንድ ሁለቴ ስልክ ደወሉላት፤ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ጠርቶ ጠርቶ እስኪያበቃ ድረስ እጇን ጭኗ መሃል ወሽቃ አየችው። ሰው እንዲህ ይሞኛል? ይሞኛል እንጂ፤ ያውም የተማረ ሰው።

ከዚያ ሳሉ ጠፋ። ጥቂት ቀን ጠብቃ የትምህርት ክፍሉን ጸሐፊ እንደ ዋዛ ጠየቀቻት።

«ትንሽ አሟቸው እረፍት ላይ ናቸው» አለች ጸሐፊዋ ቀና ሳትል። «አንቺ ተማሪያቸው አይደለሽ እንዴ? እንዴት አልሰማሽም?»

መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነው። በሰው ሕመም እፎይ ማለት ነውር ነው፤ ነውርነቱንም አውቃለች፤ ግን እፎይ አለች። ያን ዕለት በዋናው ደረጃ ወጣች። ወደ ቤታቸው ደውላ እንዴት ሆኑ ማለቱን ግን ምዕራፉ እስኪያልቅ አቆየችው።

አለቀ። እውነትም አማረ። አሳትማ አስጠረዘችው፣ እህቷ ቀሚሷን ተኮሰችላትና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አማካሪዋ ቤት ሄደች። በሩን የከፈቱት ባለቤታቸው ናቸው።

«አንቺ ነሽ? እንኳን መጣሽ ልጄ። ሰው ሁሉ ጠፋብን እኮ። ግቢ፣ ሳሎን ነው ያለው። እሳት ላይ የጣድኩት አለ፣ መጣሁ» ብለው ወደ ጓዳ ተመለሱ።

አማካሪዋ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ከስተዋል፤ ጢማቸው ግን ተላጭቷል፣ የሹራባቸው ቁልፍ እስከ አንገት ተቆልፏል። ሲያዩዋት ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ይግቡ፣ ይግቡ። እዚህ ጋ ይቀመጡ።»

ደርቃ ቀረች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቺ ነበር የሚሏት፤ «አንቺ ነቀዝ፣ ነይ እስቲ!» ብለው ኮሪደሩን ሙሉ የሚያስቁ ሰው ናቸው። አንቺ ሲል የኖረ ሰው ድንገት እርስዎ ካለ ተቀይሟል ማለት ነው፤ ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። እናቷም ስትቀየማት «እመቤቴ፣ ምሳዎን ይብሉ እንጂ» ነበር የምትላት።

«ጋሼ፣ እንደፈለጉ ይቆጡኝ» አለች ሳትቀመጥ። «ይስደቡኝም፤ ብቻ እርስዎ አይበሉኝ። ጥፋተኛ ነኝ። አፍሬ ነው የቀረሁት።»

ግራ ተጋብተው አዩዋት። «ኧረ ምን በወጣዎ! ምን አጠፉና? ገና ዛሬ መተዋወቃችን አይደል?»

ቀልዱን የቀጠሉ መስሏት ፈገግ ልትል ነበር። ዓይናቸውን ስታይ ግን ቀልድ የለበትም። እንግዳ የሚያስተናግድ ሰው ዓይን ነው። ያሳዩዋት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ለመሆኑ ጥናትዎ በምን ላይ ነው?»

«ነቀዝ ላይ» አለች።

ፊታቸው በራ። «ነቀዝ! አንዲት ተማሪ አለችኝ እኔ፣ ነቀዝ የምታጠና። እንዴት ያለች ልጅ መሰለችዎ! ወንፊቷን ከያዘች ምሳ መብላቷንም ትረሳለች። አራተኛ ምዕራፏን አንብቤ የማርመው አጣሁ። በቃ፣ ይቺ ልጅ ጨርሳለች፣ እንነጋገርና ፈታኞች ፊት የምትቀርብበትን ቀን እንቁረጥ አልኩ። ሐኪሙ ይኼን የመርሳት ነገር የነገረኝ ሰሞን ነበር። ሳይጠፋብኝ ልጨርስላት ብዬ ቸኮልኩ። ብደውል አታነሳም። ቢሮም አትመጣም። ምን እንዳስቀየምኳት እንጃ።»

«ጋሼ» አለች፤ እንባዋ መጣ። «እኔ ነኝ። ልጅቷ እኔ ነኝ።»

ረጋ ብለው፣ በትሕትና አዩዋት። ከዚያ ጎንበስ ብለው እጇን መታ መታ አደረጉ።

«አይዞዎት። አዲስ ሲሆኑ ሁሉም ነገር ያስፈራል። አንድ ነገር ልምከርዎ? አማካሪዎን አይሽሹ። ሥራውን አስቀያሚ ሆኖ ሳለ ይዘው ይምጡ። ካማረማ በኋላ እኔ ምን እሠራለሁ?»

ባለቤታቸው ፎጣ በእጃቸው እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሁሉንም ሰምተዋል። «አንዳንድ ቀን ነው እንዲህ የሚሆነው» አሏት ቀስ ብለው። «ሌላ ቀን ብትመጪ ያውቅሽ ይሆናል።» አነጋገራቸው ግን ራሳቸውንም ያሳመናቸው አይመስልም።

የተጠረዘው ምዕራፍ ጭኗ ላይ ነው። ስታፈርሰውና ስትሠራው የከረመችው፣ ማንም አፍርሺው ሳይላት ነው። ጨርሳለች የሚለውን ቃል ከእሳቸው አፍ ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቃ፣ ዛሬ ስለ ሌላ ሰው ሲነገር ሰማችው። አለቀሰች፤ ለመደበቅም አልሞከረች።

«የምትሠሩት አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ መገናኘታችሁ አይቀርም» አሉ አማካሪዋ፣ ለቅሶዋን እንዳላዩ ሆነው ወደ መስኮቱ እየተመለከቱ። «ካገኟት ይንገሩልኝ።»

«ምን ልበላት?»

«እኔ አልተቀየምኳትም ይበሏት።»

«እሺ ጋሼ» አለች። «እነግራታለሁ።»