ከውጭ የሚዘጋው መቀርቀሪያ

ሚስ ፔልሃም «እንዲያው ለጨዋታ ነው የመጣሁት» አለች። ለጨዋታ የሚመጣ ሰው ደብተር ይዞ አይመጣም። ከመግባቷ በፊት ደግሞ ጫማዋን ሦስት ጊዜ ጠረገች። እንዲህ ጨዋ የሆነ ሰው አንድ ነገር ሊወስድ ነው አልኩ በልቤ።

ልትወስድ የመጣችው አያቴን ነው። ሚስ ፔልሃም የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ናት። አያቴ ሎሬታን የመርሳት በሽታ ከያዛት ሁለት ዓመት ሆኗል። ብርዱ ሲገባ አንድ ቀን በነጠላ ጫማ ከግቢያችን ወጥታ፣ የጭነት መኪና በሚበርበት መንገድ መሃል ቆማ ፈረስ ስትጠራ ተገኘች። ፈረሱ ከሞተ ስልሳ ዓመቱ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው እነሚስ ፔልሃም ቢሮ ደወለ። ማን እንደሆነ ስንጠይቅ «ምስጢር ነው» ይሉናል።

እኛ የመዝናኛ ሰዎች ነን። ከፋሲካ ጀምሮ ሽክርክሪታችንንና የሚጋጩ መኪኖቻችንን እየጎተትን ከከተማ ከተማ እንዞራለን፤ ብርዱን አንድ ግቢ ውስጥ በተጎታች ቤቶቻችን እናሳልፋለን። ትምህርት ቤትንም የማውቀው በብርድ ብርዱ ብቻ ነው። ያኔ ልንወጣ ሦስት ሳምንት ቀርቶን ነበር። ከመውጣታችን በፊት ግን ስብሰባ አለ፤ አያቴ ከእኛ ጋር ትዞራለች ወይስ የአረጋውያን መጦሪያ ትገባለች የሚለው የሚቆረጠው እዚያ ነው።

ሚስ ፔልሃም የአያቴ ቤት በር ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች።

«ይሄ መቀርቀሪያ ለምንድን ነው ከውጭ የሆነው?»

«ለመንገድ ነዋ» አልኳት። «ቤቱ ሲጎተት በሩ ከተከፈተ ሰሃኑ ሁሉ አስፋልት ላይ ነው የሚያልቀው። የሁላችንም እንደዚሁ ነው፤ ዞር ዞር ብለው ይዩ።»

«አያትሽ ውስጥ እያለች ተዘግቶ ያውቃል?»

«ምነው፣ ዶሮ መሰለችዎት?»

«ያውቃል ወይስ አያውቅም፣ የኔ ቆንጆ?»

«በጭራሽ! እምላለሁ።»

እኔ ሁለት ቃል ተናገርኩ፣ እሷ አምስት መስመር ጻፈች። ንባብ ላይ ቀርፋፋ ነኝ፤ የተዘቀዘቀ ሲሆን ደግሞ ይብስብኛል። ቢሆንም «ከውጭ» የምትለዋን ለቀምኳት። ሁለቴ አስምራባታለች።

ከሄደች በኋላ አባቴ «የደወለችው ዜልዳ ናት፤ ሌላ ማንም አይደለም» አለ። ዜልዳ እህቱ ናት። ቤት ያለው ሰው አግብታ፣ ከተማ ገብታ ነው የምትኖረው፤ እኛ እንደነሱ ያሉትን «ባለጡቦች» እንላቸዋለን። አያቴን ጸጉሯን ልታጥባት በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች። እኔም አመንኩት። ሳሙና ይዞ የመጣ እጅ ስልክም ይይዛል።

ሰኞ ቀትር ላይ ለአያቴ ሾርባ ይዤ ስሄድ መቀርቀሪያው ተዘግቷል። ሾርባው እጄ ላይ ፈሰሰ። ከፍቼ ስገባ አያቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ የሰሃኑን ቁም ሳጥን በሁለት እጇ ደግፋ ይዛለች።

«ደረስን?» አለችኝ።

«የት ነው የምንደርሰው አያቴ?»

«አንቺ ደግሞ! ሹፌሩን ጠይቂው እንጂ እኔ ምን አውቄ!»

አለመፍራቷ ከነከነኝ። ሰው ተቆልፎበት እንዴት አይፈራም? ጠዋት አክስቴ ዜልዳ መጥታ ነበር። ዘግታ ሄዳ፣ ሚስ ፔልሃም ድንገት ብትመጣ እንድታየው ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ለማንም ሳልናገር በግቢው ውስጥ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ እጅ እጁን ሳይ ዋልኩ። የሽክርክሪቱን የእንጨት ፈረሶች ቀለም የሚቀቡትን አጎቶቼን ሳይቀር ጠረጠርኩ።

ማክሰኞ ጠዋት አባቴ «ይሄን ነገር ከንፈርሽ ላይ እንዳላየው» ያለኝን ወይን ጠጅ ሊፕስቲክ አወጣሁና ከመቀርቀሪያው እጀታ ሥር፣ አውራ ጣት በሚያርፍበት በኩል ለቀለቅኩት። ከላይ አይታይም።

አክስቴ ኬክ ይዛ መጣች። ከአያቴ ቤት ወጥታ ልትሄድ ስትል መንገድ ዘጋሁባት።

«እጅሽን አሳዪኝ።»

«ምነው ታንሲ፣ መዳፍ ማንበብ ጀመርሽ? ደብተርሽን ብታነቢ አይሻልም?»

እጇ ንጹሕ ነው። ተናደድኩ። «ቢሮ የደወልሽው አንቺ ነሽ?» አልኳት።

«እኔ ብደውል ስሜን እናገር ነበር። ፈሪ አለመሆኔን አባትሽ ያውቃል» አለችና ኬኩን እጄ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ሻይ ሰዓት ላይ አባቴ ገባ። እጁን ሳይታጠብ ነጭ ዳቦ አነሳ። ዳቦው ላይ የአውራ ጣቱ አሻራ ወይን ጠጅ ሆኖ ቀረ።

እሱ ዳቦውን አየ፣ እኔ እሱን አየሁት።

«ይሄን ነገር ጣትህ ላይ እንዳላየው!» አልኩት። ልቀልድ ነበር፤ አልሆነልኝም።

«አንቺ ምላሳም» አለና አውራ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ራሷ ናት የምትለምነኝ። ‹ኦርሰን፣ ዝጋው፣ እንሂድ› ትለኛለች። ልጅ ሆና ቤቱ ውስጥ ተዘግቶባት ነው ስትጎተት ያደገችው። መቀርቀሪያው ቀጭ ሲል መንገድ የጀመርን ይመስላትና አርፋ ትቀመጣለች። ካልሰማች ወደ ጭነት መኪናዎቹ ትሄዳለች። ግማሽ ሰዓት ነው፣ ሥራ ላይ ስሆን ብቻ።»

«እሳት ቢነሳስ?»

ዳቦውን አጠፈው።

«ስልኩንም የደወልኩት እኔ ነኝ» አለ። «በቀን ሁለት ሰዓት አብሯት የሚቀመጥ ሰው ስጡኝ ነው ያልኩት። ደብተር ላኩብኝ።»

«በአክስቴ ላይ ያን ሁሉ ስትል…»

«አውቃለሁ። ዝም በይ።»

ሐሙስ እኛ ቤት ተሰበሰብን፤ ሚስ ፔልሃም፣ አባቴ፣ አክስቴ ዜልዳና እኔ። ሚስ ፔልሃም ደብተሯን ገለጠች፤ ቀጥታ ወደ እኔ ዞረች።

«ታንሲ፣ በሩ አያትሽ ውስጥ እያለች ተዘግቶ እንደማያውቅ ነግረሽኛል። አሁንም እንደዚያው ነው?»

አባቴ አውራ ጣቱን መዳፉ ውስጥ ደበቀ። አዎ ብል አያቴ ትቀርልኛለች። ግን እኔ ሳልኖር፣ በሩ ተዘግቶ፣ የጋዙ ምድጃ… ሾርባው የፈሰሰበት እጄ አቃጠለኝ።

«ዋሽቻለሁ» አልኩ። «ሳላውቅ ነው የዋሸሁት። ይዘጋል። ግን ከመጻፍዎ በፊት ይምጡና ይዩ።»

ክንዷን ይዤ አያቴ ቤት አስገባኋትና «አባዬ፣ ዝጋው!» አልኩ።

ቀጭ አለ። ሚስ ፔልሃም የበሩን እጀታ ያዘች። ክፍሉ ውስጥ ስትንቆራጠጥ የነበረችው አያቴ ግን ወዲያው ተቀመጠች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ተቀመጪ እንጂ! መታጠፊያው ላይ ትወድቂያለሽ። ይቺን ያዢ።» ትልቁን የሾርባ ሳህን ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። «አዲስ ነሽ?»

«አዎ» አለች ሚስ ፔልሃም በቀጭን ድምፅ።

«ይለመዳል።»

እንደዚያው ተቀመጥን። አያቴ በመስኮቱ ከቦታው ያልተነቃነቀውን ግቢ እያየች፣ «ዛሬ ጥሩ ነው የሚነዳው» አለች። ሚስ ፔልሃም ሳህኑን እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። ደብተሯ መሬት ወድቋል፤ አላነሳችውም።

ስንወጣ አባቴን «ይሄ መቀርቀሪያ ዛሬውኑ ይነሳ» አለችው። «ዛሬውኑ፣ እያየሁ።»

አባቴ መፍቻ አመጣ። ብሎኑን ሲፈታ ሳየው «የምትፈልገው ድምፁን ከሆነ፣ ከውስጥ በኩልስ ቢሆን?» አልኩ። «እኔ አብሬያት ሆኜ ብዘጋው?»

አክስቴ «አየህ ኦርሰን፣ ከቤታችሁ ጭንቅላት ያላት እሷ ብቻ ናት» አለች። አባቴ ቀና ብሎ አያት፤ ይቅርታ ሊላት የፈለገ መሰለኝ፤ «ብሎኑን ያዢልኝ» ነው ያላት። ያዘችለት።

ሚስ ፔልሃም ደብተሯን አነሳች። አያቴ ከፋሲካ ጀምሮ አብራን እንድትዞር ፈቀደች፤ መቀርቀሪያው ከውስጥ ሆኖ አንድ ሰው ምንጊዜም አብሯት ውስጥ እንዲሆን፣ በሳምንት ሁለት ጠዋት ደግሞ ረዳት እንዲመጣ። መጦሪያው ግን ቦታ ይይዝላታል። «ሳልናገር መጥቼ አያለሁ» አለች።

«የመጨረሻውን መስመር ያሳዩኛ» አልኳት። ፈገግ ብላ ደብተሯን ዘጋችው።

አሁን በዓል ላይ ነን። ሽክርክሪቱ ይዞራል፣ ሙዚቃው ይጮኻል፤ እኔ ከአያቴ ጋር ውስጥ ነኝ። መቀርቀሪያውን ቀጭ አደርጋለሁ፣ እሷ ሰሃኖቿን ትደግፋለች፣ «ደረስን?» ትለኛለች፣ «ገና ነን» እላታለሁ። ከዚያ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ በደረጃው ላይ ጫማዋን የምትጠርግ ሴት መጥታ እንደሆነ አያለሁ።