በቀኝ በኩል የተሰፋው ኪስ

ልብስ ሰፊዋ ልጇን ይዛ ወደ ግል ትምህርት ቤቱ ስትገባ ልቧ አላመነም። «የአርባ ዓመት አንጋፋ» ይላል በሩ ላይ፤ ቀለሙ ግን ገና ይሸታል። ቢሆንም ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ስለዚሁ ትምህርት ቤት ነው፤ ልጇ ደግሞ ጎበዝ ናት። መልቀቂያዋን ከድሮው ትምህርት ቤት አስወጥታ በቦርሳዋ ይዛለች። እዚህ ካስረከበችው አለቀ። እስከ ምሳ ሰዓት ለድሮው ትምህርት ቤት ካልመለሰችው ደግሞ የልጅቷ የዚያ ቦታ ለሌላ ይሰጣል።

ልጅቷን ለመግቢያ ፈተና ወሰዷት። እናቲቱን ዳይሬክተሩ ቢሮው አስቀመጣት።

«እህቴ፣ እኛ ዘንድ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ ታሪክም አለ» አላት ወደ ግድግዳው እያመለከተ። «እነዚህ የመጀመሪያ ተማሪዎቻችን ናቸው። ዛሬ ሐኪም፣ መሐንዲስ ያልሆነ ከመካከላቸው የለም።»

ቡናማ ፎቶግራፍ ነው፤ በሁለት ረድፍ የቆሙ ሕፃናት፣ ከኋላቸው ጥቁር ሰሌዳ። እሷ ፊታቸውን መች አየች! ዓይኗ ሸሚዛቸው ላይ ቀረ። የሁሉም ኪስ በግራ መሆኑ ቀርቶ በቀኝ ነው፤ የታችኛው ጠርዙም ወደ ብብት ዘመም ብሏል።

ጆሮዋ ጋለ። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ፋብሪካ ተቀጥራ ሳለ፣ የኪሱን የካርቶን ልክ ገልብጣ አስቀምጣ ሁለት መቶ የልጆች ሸሚዝ አበላሽታ ነበር። ኪሱ ሁሉ በቀኝ፣ ሁሉም ዘመም ያለ። ያዘዘው ሰው አልቀበልም አለ። አለቃዋ ሰው ፊት ልክ ልኳን ነገራት፤ ሸሚዞቹም በርካሽ ተቸበቸቡ። ማን እንደገዛቸው አልጠየቀችም።

ፎቶው ተገልብጦ ታትሞ ይሆን? ተነስታ ተጠጋች። ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ግን አልተገለበጠም፤ በደንብ ይነበባል።

«ጋሼ፣ ይሄ የመቼ ነው አሉኝ?»

«አርባ ዓመት ሞላው።»

«ሸሚዙንስ ማን ሰፋው?»

ሰውየው ሳቀ። «እሱን ማን ያስታውሳል፣ እህቴ!»

«እኔ ነኛ! እኔ ነኝ የሰፋሁት። የዛሬ አርባ ዓመት እናቴ እንኳ አላገባችም ነበር።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«እሺ፣ ስድስት ዓመታችን ነው። ስድስት ብለን ብንጽፍ እርስዎ ይመጡ ነበር? ያስዋሸን እኮ ወላጅ ነው! መምህሮቻችን ግን ጎበዞች ናቸው፤ እሱ ውሸት አይደለም።»

«እነዚያ ሐኪሞችስ?»

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ናቸው።»

ያናደዳት ይኸው ነው። መምህሮቹ ምናልባት በእርግጥ ጎበዞች ናቸው። ደህና ነገር በእጃቸው እያለ ሰውን እንደ ጅል አታለሉ። ከእንግዲህ የሚሏትን በምን ታምናለች? ነገ የልጇን ውጤት ሲሰጧት በየትኛው ሸሚዝ ታጣራለች? አንዲት እናት ያንን ኪስ ባትሰፋው ኖሮ እስከ መቼ አንጋፋ ሊሆኑ ነበር?

በሩ ተከፈተ። ልጅቷ ወረቀቷን እያውለበለበች ገባች።

«እማዬ፣ አለፍኩ! ዘጠና አራት!»

«ልጅቷን አይቅጧት» አለ ሰውየው ቀስ ብሎ። «መልቀቂያውን ይስጡኝ።»

እናቲቱ ቦርሳዋን በብብቷ አጥብቃ ይዛ ልጇን በእጇ ጎተተች።

«ነይ፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ እንሩጥ።»

«አልፌያለሁ እኮ!»

«ሰምቻለሁ፣ የኔ ጎበዝ። ሩጪ።»

ልጅቷ እጇን መንጭቃ ሁለት እርምጃ ከኋላ ተከተለቻት፤ ለምን እንደሆነ ሳይገባት፣ እያለቀሰች።