ማያሳ ከደሴቷ ሳትወጣ የተቀጠረችበት ዓመት

ሚስቴ ማያሳ ሼ አሥራ አንድ ዓመት እዚሁ ኬንያ፣ ላሙ ደሴት ላይ ባለው የሴቶች ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለች። አባቷ የመርከብ አለቃ ስለነበሩ ባሕሩን ከመጽሐፍ በፊት የተማረችው ከእሳቸው ነው። ነፋሱን፣ የውኃውን መሙላትና መጉደል፣ አሸዋው የሚሰደድበትን አቅጣጫ ሁሉ የጻፉባቸው ሃያ ምናምን ደብተሮች ትተውላት ሞቱ። እኔ ቡኑ ጀልባ ሠሪ ነኝ። ከእንጨት ጋር እንጂ ከወረቀት ጋር አልግባባም፤ ይህን የምነግራችሁም አጠገቧ ተቀምጬ ስላየሁት ነው።

ነገሩ የጀመረው በወንድሜ ነው። ስልኩ ላይ ያለ የባሕር ካርታ አምኖ ከጎረቤታችን ደሴት ከማንዳ ጀርባ ባለው መተላለፊያ ገባና ጀልባው አሸዋ ላይ ወጣበት። ውኃው እስኪሞላ ከያዘው ዓሣ ጋር ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ማያሳ ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ተናደደች፣ ከዚያ ካርታውን ለሚሠሩት ሰዎች ጻፈች። «አሸዋው ካለፈው ዝናብ ወዲህ ወደ ምሥራቅ ሄዷል» ብላ በእጇ ሥላ ላከችላቸው። ሰዎቹ ኖርዌይ ውስጥ በርገን በምትባል የወደብ ከተማ ያሉ፣ ሰባት ሠራተኞች ያሏቸው ናቸው። አመስግነው አረሙት። እሷ ሌላ ስህተት አገኘች። እነሱም አረሙ። እንዲህ እየተባባሉ አራት ዓመት ሄደ።

በአምስተኛው ዓመት ኅዳር ላይ አለቃቸው ሃልቮር ጻፈላት። «ከእኛ ጋር በቋሚነት ሥሪ። የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ ያንቺን ያህል የሚያውቅ ሰው የለንም። ከቤትሽ መነሳት አያስፈልግሽም። ኬንያ ውስጥ ቢሮ ስለሌለን ግን በሕግ የሚቀጥርሽ ናይሮቢ ያለ ድርጅት ነው። ደመወዝሽን፣ ግብርሽን፣ ጡረታሽን የሚይዘው እሱ ነው። ሥራው ከእኛ ጋር ነው።»

«ቆይ» አልኳት። «ታዲያ አሠሪሽ የቱ ነው?»

«ሁለቱም።»

«አለቃ የበዛበት ጀልባ ያዘነብላል።»

አማቴ ቢ ኩልሱም አብራን ነው የምትኖረው። ምስር እየለቀመች ስለነበር የማትሰማ መስሎኝ ነበር።

«አንተ ቡኑ» አለችኝ፣ «ልጄን ስታገባ ከማን ጋር ነው እጅ ለእጅ የተያያዝከው? ከእሷ ጋር?»

«ከወንድምሽ ጋር።»

«እህ! ሙሽራው ባሕር ማዶ ቢሆንም ወኪል ይቆምለታል። ኒካው ያው ኒካ ነው። ይኼ ምኑ ይከብዳል?»

«ወኪሉ ሌባ ቢሆንስ?»

«አጣርቶ መያዝ ነዋ። አንተንስ አጣርተን አይደል የያዝንህ? ቢሆንም ተሸወድን እንጂ» አለችና ምስሯን ቀጠለች።

እኔ የፈራሁት በምክንያት ነው። የጎረቤታችን ልጅ ባሕረ ሰላጤ አገር ሥራ እናስገባሻለን ላሏት ደላሎች የእናቷን ወርቅ ሰጥታ እስከ ዛሬ ትጠብቃለች። ስለዚህ ከናይሮቢ ስልክ የተደወለ ቀን መላጊያዬን አስቀምጬ ጆሮዬን አቀናሁ። ማያሳ ድምፁን ለሁላችን ከፈተችው።

«ቲቸር ማያሳ፣ ንዱኩ ሙስዪሚ እባላለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሥራ እስኪጀምሩ ድረስ፣ ከጀመሩም በኋላ፣ ለጉዳይዎ ኃላፊዋ እኔ ነኝ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዙልኝ። በዚህ መሀል ለመመዝገቢያ ነው፣ ለምንትስ ነው ብሎ አንድ ሽልንግ የሚጠይቅዎ ሰው ካለ ስልኩን ይዝጉበት። የጠየቅሁት እኔ ብሆንም ይዝጉብኝ።»

አማቴ አገጯን ወደ እኔ ወዝወዝ አደረገች።

በሦስተኛው ቀን ንዱኩና ማያሳ «አንቺ» ተባባሉ። ማያሳ መታወቂያዋን፣ የግብር ቁጥሯን፣ የጡረታና የጤና መድን ወረቀቷን ፎቶ አንሥታ ላከች። እኛ አልቋል ብለን ነበር። ንዱኩ ግን ደወለች። «ስምሽ ውስጥ አንዲት ፊደል መታወቂያው ላይ አንድ ጊዜ፣ ጡረታው ላይ ግን ሁለት ጊዜ ተጽፋለች። አይተሽዋል?» አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እኛም ትምህርት ቤቱም አላየነውም። ማያሳ «ትንሽ ነገር ነው፣ በኋላ ይስተካከላል» ስትል ንዱኩ «ዛሬ ካላስተካከልነው በስድሳ ዓመትሽ ትረግሚኛለሽ» አለቻት። የሚሄዱበትን ቢሮ፣ መስኮቱን፣ የሚጠይቁትን ሰውዬ ስም ሳይቀር ነገረቻት። በሳምንቱ ተስተካከለ።

ውሉ በእንግሊዝኛ ነበር። ማያሳ እንግሊዝኛ የሚያንሳት ሰው አይደለችም፤ ንዱኩ ግን በምስል ተደዋውለው አንቀጽ በአንቀጽ በስዋሂሊ እያፍታታች አነበበችላት። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ መብራት ጠፋ። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ሲመጣ ሴትዮዋ ሄዳለች ብዬ ነበር። እዚያው ተቀምጣ ሙዝ እየበላች ነው። «የት ነበርን? አሥራ ሁለት። የማይገባሽን እሺ አትበይ።»

አሥራ አራተኛው ላይ ማያሳ አስቆመቻት። ሠራተኛዋ የምትጽፈውና የምትሥለው ሁሉ የድርጅቱ ንብረት ነው ይላል።

«የአባቴ ደብተሮችስ? ከእነሱ ነው እኮ የምሠራው።»

ንዱኩ ጻፍ ጻፍ አደረገች። «ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ስለማላውቀው ዛሬ አልመልስልሽም።» በአራተኛው ቀን ውሉ አንድ አዲስ መስመር ተጨምሮበት መጣ፤ ከቅጥሩ በፊት የነበሩ የቤተሰብ ደብተሮች የማያሳ ናቸው፣ ድርጅቱ የሚያያቸው እሷ ስትፈቅድ ብቻ ነው የሚል። አማቴ ይህ ሲነገራት ተነሥታ ጓዳ ገባች። ስታለቅስ ላለመታየት ነው።

ማያሳ ለትምህርት ቤቱ መልቀቂያ አስገባች። ሥራው የሚጀመረው ጥር መግቢያ ላይ ነው። የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር።

እኔ ብቻ የማውቀው አንድ ነገር ነበረ። ማያሳ አራት ወር እርጉዝ ነበረች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷት ስለነበር ለእናቷም አልነገረችም። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ሰገነቱ ላይ ልብስ ስታሰጣ «መንገር አለብኝ» አለችኝ።

«ፈርሚ፣ ከዚያ ትነግሪያቸዋለሽ። ከተፈረመ በኋላ ማን ይነካሻል?»

«አንተ የበሰበሰ እንጨት ቀለም ቀብተህ ትሸጣለህ?»

«አንቺ የበሰበሰ እንጨት ነሽ እንዴ?»

«ቡኑ፣ እየቀለድኩ አይደለም።»

በማግስቱ ደውላ ለንዱኩ ነገረቻት። ንዱኩ መጀመሪያ «እልል!» አለች፤ ስልኩ ጮኸ። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሕጉ ንገሪ አይልሽም። ታውቂያለሽ አይደል?» አለች።

«አውቃለሁ። ግን ደብቄ መግባት አልፈልግም።»

«አልደበቅሽም። በሕግ አሠሪሽ እኛ ነን፤ ለአሠሪሽ ነገርሽ። አሁን ፈርሚ። ሰኞ ከሃልቮር ጋር ስንገናኝ በራስሽ አፍ ትነግሪዋለሽ፣ እኔም እኖራለሁ።»

ማያሳ ፈረመች። ንዱኩም ናይሮቢ ሆና ድርጅቱን ወክላ ፈረመች።

ሰኞ ሦስቱ በኮምፒውተር ተገናኙ። እኔ ከሥራ እንደ መጣሁ፣ ሽርጥ ብቻ አገልድሜ፣ ከነእንጨት ፍርፋሪዬ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጫለሁ። ድምፅ እንዳላሰማ ተነግሮኛል። የወደብ እንግሊዝኛዬ ለመከታተል ይበቃኛል። ማያሳ ነገረችው። ሃልቮር እንኳን ደስ ያላችሁ አለ፤ ከልቡም ይመስላል። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«የምሥራቅ አፍሪካን ካርታ ለደንበኞች ቃል የገባነው ለሰኔ ነው። ሰባት ሰው ነን። ምናልባት… ከወለድሽ በኋላ ብትጀምሪስ? መስከረም አካባቢ?»

የማያሳ ጀርባ ቀጥ ሲል አየሁት። ትምህርት ቤቱን ለቃለች፤ በቦታዋም ሌላ ሰው ገብቷል።

ንዱኩ ቀደመቻት። አልጮኸችም። «ሃልቮር፣ ደስታህን በመግለጽህ አመሰግናለሁ። ሌላው ግን አይሆንም። ማያሳ ከሐሙስ ጀምሮ የእኛ ሠራተኛ ናት፤ ውሉ ላይ ያለው ቀን ጥር ነው። በዚህ አገር ሕግ ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ ያለው የወሊድ ፈቃድ አላት። በእርግዝናዋ ምክንያት ሥራዋን ማዘግየት አንችልም። እኛን የያዛችሁን እኮ እንዲህ ያለውን እንድንነግራችሁ ነው።»

ሃልቮር አንገቱን ደፋ። ከዚያ ማያሳ ተማሪዎቿን በምትጠይቅበት ድምፅ ጠየቀችው።

«በሰኔ ካርታውን ለማን ነው የምትሰጡት?»

«ለጀልባ ሰዎች።»

«በሰኔ እኮ ኩሲ ነው። ከደቡብ የሚመጣው ነፋስ። ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ ከደሴቶቹ ውጭ ሰው አይወጣም። ማዕበሉ ራሱ አሸዋውን ሲያገላብጥ ይከርማል፤ በሰኔ የሣልከው ካርታ በነሐሴ ውሸት ነው። አባቴ በነዚያ ወራት አንድም መስመር አልጻፉም። የእኔ ፈቃድ የሚውለው በትክክል እዚያ ላይ ነው። እስከ ሚያዝያ የምችለውን እሠራለሁ፣ ነሐሴ ላይ አዲሱን አሸዋ እናያለን፣ መስከረም ላይ ታወጡታላችሁ።» ከዚያ ኮምፒውተሩን ድንገት ወደ እኔ አዞረችው። «ባሌ ጀልባ ሠሪ ነው። ጠይቀው!»

ደረቴ ባዶ ነው፣ ፀጉሬ ላይ የእንጨት ፍርፋሪ አለ። ሃልቮር አየኝ። እኔም አየሁት።

«በሰኔ ሥራ አለህ?» አለኝ።

«ከዓመቱ ሁሉ የሚበዛብኝ ያኔ ነው። ጀልባው ሁሉ ደረቅ ላይ ተገልብጦ ይጠብቀኛል። ሌላ የት ይሄዳል?»

ሰውዬው ሳቀ። አያቱ ዓሣ አጥማጅ እንደነበሩ ነገረን። ሆኖም ሸሪኮች ስላሉት ሁለት ቀን ጠየቀ።

በሁለቱ ቀናት ማያሳ አንዱን ዓሣ ሦስት ጊዜ አጠበች። ለእናቷም ያን ጊዜ ነገረቻት፤ አማቴ ደስታዋን በስድብ ነው የገለጠችው፤ «አራት ወር! እኔ እናትሽ ነኝ ወይስ ተከራይ?» እያለች። ንዱኩ በመጀመሪያው ቀን ደወለች። «ወሬ የለም። ወሬ የለም ለማለት ነው የደወልኩት።» በሁለተኛው ቀን ጠዋትም እንዲሁ። ከሰዓት በኋላ የሃልቮር ደብዳቤ ደረሰ። ሥራው በጥር ይጀመራል፤ ካርታው ወደ መስከረም ተዛውሯል፤ «መጀመሪያውኑ አንቺን መጠየቅ ነበረብን» ይላል።

የሥራ ኮምፒውተሯ በአውሮፕላን ማንዳ፣ ከማንዳ በጀልባ፣ ከጀልባ በአህያ ደጃችን ደረሰ። የመጀመሪያው ቀን ሰባት ፊት የኮምፒውተሩን መስኮት ሞላው። አንዱ በረዶ አሳየን። አማቴ እንግዳ መጥቷል ብላ የክት ልብሷን ለብሳ ከኋላ ተቀመጠች፤ ለእያንዳንዳቸው እጇን አነሣች። ንዱኩ አሥር ደቂቃ ቆይታ የይለፍ ቃሉ መሥራቱን፣ የሥራ ሰዓቱና የሚጠየቀው ሰው መታወቃቸውን አረጋገጠችና «በሉ እኔ ልውጣ፣ ጨዋታው የእናንተ ነው» ብላ ጠፋች።

ልጃችን ግንቦት ላይ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ተወለደች። ደህና ናት፣ ትጮኻለች። በሁለተኛው ወር ከበርገን አንድ ወጣት ስለ አንድ መተላለፊያ ትንሽ ጥያቄ ላከ። ማያሳ ልትመልስ እጇ ይበላት ነበር። ንዱኩ እንዴት እንደሰማች አላውቅም፤ ወጣቱን ጸጥ አደረገችው፣ ለማያሳም ደወለች። «ፈቃድ ላይ ነሽ። አንቺ ራስሽ ብትፈልጊም ፈቃድ ላይ ነሽ።»

ነሐሴ ላይ ማያሳ ሥራ በተመለሰች በሁለተኛው ሳምንት ንዱኩ ሞምባሳ ለጉዳይ መጥታ እኛ ድረስ ዘለቀች። ድምፅዋን ሰምቼ ረጅም ግዙፍ ሴት ትመስለኝ ነበር። ትከሻዬ አትደርስም። ጀልባ ላይ ስታስመልስ መጥታ ስለነበር አማቴ ዝንጅብል አጠጥታ አስተኛቻት። ማታ በኮኮናት የተሠራ ዓሣ በልተን ስንጨርስ፣ ማያሳ ልጅቱን ልታስተኛ ስትሄድ፣ የከረመብኝን ጠየቅኋት።

«ያን ጊዜ እምቢ ቢሉስ ኖሮ?»

«ደንበኝነታቸውን እናጣ ነበር።»

«አለቃሽ ምን ይል ነበር?»

«ከሰኞው ስብሰባ በፊት ነገሩን ስነግረው ብሏል። ቢያንገራግሩ አትድረቂ፣ ደንበኞቻችን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ አለኝ።» ትከሻዋን ነቀነቀች። «ማያሳ እንድትሰማ አልፈለግሁም። የመጀመሪያ ሥራዋን በፍርሃት እንድትጀምር አልፈለግሁም።»

«አንቺስ ለምን ሙጭጭ አልሽ?»

ጥያቄው የገባት አልመሰለኝም። ትንሽ አየችኝና «ፈርሜያለሁ እኮ» አለችኝ።

በማግስቱ ራሴ ማዶ የብሱ ላይ እስካለው የሞኮዌ ወደብ አሻገርኋት። ነፋሱ ገና አልበረደም ነበር፤ ዓይኗን ጨፍና ሁለት እጇን ጠርዙ ላይ አጣብቃ ሄደች፣ አንድም ጊዜ እንመለስ አላለችም። ከአውቶቡሱ መስኮት «የልጅቷን የልደት ወረቀት በጤና መድኑ እንዳስመዘግብ ቶሎ ላኩልኝ!» ብላ ጮኸች። እኔ የወረቀት ሰው አይደለሁም ብያለሁ። ያን ቀን ግን ቤት እንደደረስሁ ወረቀቱን ፈልጌ አውጥቼ፣ በራሴ እጅ ፎቶ አንሥቼ ላክሁላት።