ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ ሦስት

ሥራዬ የመብራት ቆጣሪ ማንበብ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በየሰዉ ግቢ ስገባና ስወጣ፣ ከሰው ፊት ይልቅ ቁጥር ማመን ለምጃለሁ። ማግኔት ለጥፎ ቆጣሪውን የሚያዘገይ ስንት የተከበረ ሽማግሌ አይቻለሁ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ነው የሚሉ ሰዎች ቆጣሪ አንብበው አያውቁም።

ከሥራ መልስ ያለችኝ አንዲት ደስታ ኮምፒውተር ላይ መኪና ማሽቀዳደም ናት። «በዚህ ዕድሜህ አታፍርም?» ትለኛለች ሚስቴ። አላፍርም። የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ እኔው ራሴ፣ ቪዲዮ እያየሁና ሙቀቱን እየለካሁ፣ ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ አድርጌዋለሁ። የቀረኝ ራም የሚሉት ሜሞሪ ነበር። አሮጌው ሜሞሪ ፕሮሰሰሩን መከተል አቅቶት፣ መኪናዬ ኩርባ በደረሰች ቁጥር ምስሉ ይንተባተባል። የያዝኩት ገንዘብ ደግሞ የሚያኮራ አልነበረም።

«ወንድሜ ጋ ሂድ» አለችኝ ሚስቴ።

ታናሽ ወንድሟ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጎ ሲያጣ ከርሞ፣ አንድ የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ለሦስት ወር ሙከራ ገብቶ ነበር። ሙከራው የሚያልቀው የዚያን ሳምንት ዓርብ ነው። ባለሱቋ ካመነችበት ቋሚ ትቀጥረዋለች፤ እሱም ቤት ተከራይቶ እጮኛውን ያገባል። ካላመነችበት ተመልሶ የእኛ ሶፋ ላይ ነው። ሚስቴ ቀኑን በጣቷ ትቆጥር ነበር።

ከዘመድ ጋር ብላ ጠጣ እንጂ አትገበያይ ይላሉ። እያወቅሁ ሄድኩ።

ሱቁ ውስጥ በሰባት ዓይነት ቀለም የሚያበራ ሜሞሪ አየሁና ጣቴን ቀሰርኩ።

«ጋሼ፣ እሱን ይተዉት» አለኝ የሚስቴ ወንድም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለመብራቱ ነው የሚከፍሉት። መብራት ፍጥነት አይጨምርም።»

ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ጥቁር፣ ምንም የማያምር ካርቶን አወጣ። ውስጡ ሁለት እኩያ ሜሞሪዎች አሉ። «ሁለቱ አንድ ላይ የተፈተኑ ናቸው፤ በሦስት ሺህ ስድስት መቶ ፍጥነት ይሮጣሉ። አንድ ትልቅ ከመግዛት ሁለት እኩል መግዛት ይሻላል። በዋጋም ይቀንሳል።»

ጥርጣሬ የገባኝ ያኔ ነው። ውዱን ትተህ ርካሹን ውሰድ የሚል ሻጭ የት አገር አለ? የካርቶኑ ማሸጊያም ጥጉ ላይ ላላ ያለ መሰለኝ። ገዝቼ ልወጣ ስል ደግሞ «ሲገጥሙት ይደውሉልኝ፤ ቤት መጥቼ አንድ ነገር አስተካክልልዎታለሁ» አለኝ። አዲስ ዕቃ ምን የሚስተካከል ነገር አለው?

አልደወልኩም። ራሴ ገጠምኩት። ኮምፒውተሩን ከፍቼ የሜሞሪውን ፍጥነት ሳይ፣ 2133 ይላል። ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው። ካርቶኑ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ይላል፣ ስክሪኑ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ ሦስት። ደሜ ፈላ።

«እስቲ መጀመሪያ ደውለህ ጠይቀው» አለችኝ ሚስቴ።

«ሌባ ሌባ ነኝ ብሎ ያውቃል?» አልኳት። ፊቷ ጠቆረ፤ እኔም አልተመለስኩም።

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ሦስት ገዢዎች ነበሩ። የሚስቴ ወንድም ሲያየኝ ፈገግ ብሎ «ጋሼ፣ ገጠሙት?» አለኝ። አልፌው፣ ነቅዬ ያመጣኋቸውን ሜሞሪዎች በካርቶናቸው ይዤ ባለሱቋ ፊት ቆምኩ።

«ይሄ ልጅ የውሸት ሜሞሪ ሸጦልኛል» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። «ዘመዴ ነው፤ አውቀዋለሁ። እኔን እንዲህ ካደረገ ሌላውን ምን እንደሚያደርግ እርስዎ ይመርምሩ።»

አንዱ ገዢ የያዘውን ማውዝ ቀስ አድርጎ አስቀምጦ ወጣ።

ባለሱቋ መነጽሯን አስተካክላ ሁለቱን ሜሞሪ መሞከሪያው ማሽን ላይ ሰካቻቸው። 2133። «አላልኩም?» አልኩ። እሷ ማሽኑን አጥፍታ አበራችና ገና ሲነሳ አንድ ቁልፍ ተጭና ማስተካከያው ውስጥ ገባች። አንድ መስመር ቀየረች፣ ወጣች። ማሽኑ እንደገና ሲነሳ ቁጥሩ 3600 ሆነ።

«አዲስ ሜሞሪ ሲገጠም በዝግታ ነው የሚነሳው። ሙሉ ፍጥነቱን ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ማብራት ያስፈልጋል» አለችኝ። «አልነገረዎትም?»

መጥቼ አስተካክልልዎታለሁ ያለኝ እሱን ነበር። የሚስቴ ወንድም ባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ጣቶቹን ያያል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «ተጠራጣሪ ነኝ፣ በሽታዬ ነው። ልጁ ንጹሕ ነው።»

«ስንት ዓመት ያውቁታል?»

«አሥራ አምስት ዓመት!» አልኩ፣ የሚጠቅመው መስሎኝ።

ሜሞሪዎቹን ካርቶናቸው ውስጥ መለሰቻቸው። «እኔ የማውቀው ሦስት ወር ነው» አለች። «አሥራ አምስት ዓመት የሚያውቀው ሰው ሳይደውል፣ ሳይጠይቅ፣ ሌባ ነው ብሎ ከመጣ፣ እኔ የማላውቀው አንድ ነገር ቢኖር ነው።»

«ምንም የለም! በልጆቼ እምላለሁ!»

«ይሆናል» አለች። ያን ዓይን ከራሴ አውቀዋለሁ፤ መሐላ አይመልሰውም። ወደ እሱ ዞረችና «ነገ መጥተህ ደሞዝህን ውሰድ። ቅዳሜ ሌላ ሰው አስገባለሁ» አለችው።

እሱም የሱቁን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ሲወጣ፣ አመሉ ነውና፣ በሩን ለእኔ ከፍቶ ያዘልኝ።

ቤት ስደርስ ሚስቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ሜሞሪው ደህና ነው አይደል? ደህና ነው በለኝ።»

«ደህና ነው» አልኳት።

እፎይ ብላ ሳቀች። «አላልኩህም! ወንድሜ እኮ ነው! አሁኑኑ ደውዬ ይቅርታ አስጠይቅሃለሁ» ብላ ስልኳን አወጣች። ከጆሮዋ ላይ ሲጠራ ይሰማኛል፤ እሷ አሁንም እየሳቀች ነው።

«ዝጊው» አልኳት። «መጀመሪያ እኔ ልንገርሽ።»